ስቲቨን ክሌይኒ፦ ከነርቭ መረብ እስከ ቃል ፍለጋ

መግቢያ

በኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያርም ሰው አንድን ቃል ፈልጎ በሌላ መተካት ሲሻ፣ ቃሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ የገባ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በብዙ ሺሕ ገጾች ውስጥ የተበተኑ ቀኖችን፣ የስልክ ቁጥሮችን ወይም በልዩ ልዩ ሆሄያት የተጻፈ አንድ ስም ለማግኘት ግን የሚፈለገው የተወሰነ ቃል ሳይሆን የቃሉ መልክ ነው። ይህን መልክ በጥቂት ምልክቶች ለመግለጽ የሚያገለግለው ዘዴ በእንግሊዝኛ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይባላል፤ በዚህ ጽሑፍ «ሥርዓታዊ አገላለጽ» ተብሏል።

ዘዴውን የወጠኑት ስቲቨን ኮል ክሌይኒ የሥነ አመክንዮ ሊቅ ነበሩ፤ ሐሳቡን ሲያፈልቁም የጽሑፍ እርማት በአእምሯቸው አልነበረም። ጥያቄያቸው የማስታወስ ዐቅሙ የተወሰነ መሣሪያ ምን ምን ነገር ለይቶ ማወቅ ይችላል የሚል ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የክሌይኒን ሕይወት በአጭሩ በመተረክ፣ ዛሬ በየጽሑፍ ማረሚያው የሚገኘው የመፈለጊያና የመተኪያ ዘዴ ኃይሉንም ድንበሩንም የወረሰው ከዚህ ጥያቄ መሆኑን ማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ክሌይኒ ጃንዋሪ 5 ቀን 1909 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የምጣኔ ሀብት መምህር፣ እናታቸው ደግሞ ገጣሚ ነበሩ። ቤተሰቡ በሜይን ግዛት እርሻ ነበረው፤ ክሌይኒም ለገጠርና ለተራራ ያደረባቸው ፍቅር እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም። በጎልማሳነታቸው ተራራ በመውጣትና ለተፈጥሮ ጥበቃ በመሟገት ይታወቁ ነበር። የቤተሰቡን ስም ብዙ አንባቢ «ክሊን» ወይም «ክሊኒ» እያለ ቢያነብበውም፣ እሳቸው ራሳቸው «ክሌይኒ» ብለው ይጠሩት ስለ ነበር በዚህ ጽሑፍ ይኸው አጠራር ተወስዷል።

የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1930 ከአምኸርስት ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕርግ ካገኙ በኋላ ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ አመሩ። በዚያም ሥነ አመክንዮን ለሒሳብ ሁሉ አዲስ መሠረት ለማድረግ ይጥሩ የነበሩት አሎንዞ ቸርች አማካሪያቸው ሆኑ።

በፕሪንስተን፦ መምህርን ያረመ ተማሪ

ቸርች በዚያን ጊዜ ላምዳ ካልኩለስ የተባለውን ሥርዓት በማዋቀር ላይ ነበሩ። በዚህ ሥርዓት ቁጥር ማለት የአንድ ድርጊት ድግግሞሽ ነው፤ 3 ማለት አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ማድረግ ማለት ነው። በዚህ መንገድ መደመርና ማባዛት አያስቸግርም። አስቸጋሪው ወደ ኋላ መመለስ፣ ማለትም ከአንድ ቁጥር ላይ አንድ መቀነስ ነበር። ቸርች ራሳቸው ይህ በሥርዓቱ ውስጥ መቻሉን እስከ መጠራጠር ደርሰው ነበር። ክሌይኒ መፍትሔውን ያገኙት በ1932 ከጥርስ ሐኪም ዘንድ በነበሩበት ሰዓት መሆኑን በኋላ ተርከዋል። መፍትሔው ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲቆጠር፣ የታለፈውን ቁጥር አብሮ እያስከተሉ መሄድ ነው፤ ቆጠራው ከተፈለገው ቁጥር ላይ ሲደርስ ከእሱ የሚቀድመው ቁጥር በእጅ ይገኛል።

የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1934 ተቀበሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በቸርች ሥርዓት ውስጥ የቁጥሮችን ንድፈ ሐሳብ የሚያዋቅር ነበር። ይሁን እንጂ በ1935 ክሌይኒና የትምህርት ባልደረባቸው ባርክሌይ ሮሰር ይኸው የቸርች የመጀመሪያ ሥርዓት እርስ በርሱ የሚጋጭ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ አሳተሙ። በዚህ ማረጋገጫ የፈረሰው የመምህራቸው ሕንጻ ብቻ ሳይሆን የራሳቸው የመመረቂያ ጽሑፍ የቆመበት መሠረትም ነበር። ሥራቸውን ግን አልጣሉትም፤ ከፍርስራሹ መካከል ጤናማ ሆኖ የተገኘውን ክፍል፣ ማለትም በሥርዓቱ ሊሰሉ የሚችሉ ፈንክሽኖችን ጥናት፣ ለይተው አወጡ።

ከዚህ የተረፈው ክፍል አዲስ የዕውቀት ዘርፍ በቀለ። በ1934 ኩርት ጎደል በፕሪንስተን ተከታታይ ትምህርት ሲሰጡ ማስታወሻውን የያዙት ክሌይኒና ሮሰር ነበሩ። ጎደል በዚያ ትምህርት ሪከርሲቭ የሚባሉትን፣ ማለትም ዋጋቸው በሌሎች በተሰሉ ዋጋዎች እየተመሠረተ በተወሰነ ደንብ የሚወጣ ፈንክሽኖችን አብራሩ። ክሌይኒም እነዚህና በላምዳ ካልኩለስ የሚሰሉት ፈንክሽኖች አንድ መሆናቸውን በ1936 አረጋገጡ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ በምናባዊ ማሽን አማካይነት ከዚያው መደምደሚያ ደረሱ። በልዩ ልዩ መንገድ የተነሡ ሰዎች በአንድ ስፍራ መገናኘታቸው፣ በስልተ ቀመር ሊሰላ የሚችለውን ከማይችለው የሚለይ እውነተኛ ድንበር እንዳለ አመለከተ። የክሌይኒ የዕድሜ ልክ ሥራ ይህን ድንበር መርምሮ ማስመር ሆነ።

ከማዲሰን እስከ ባሕር ኃይል

ክሌይኒ በ1935 በማዲሰን በሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ገብተው በኒው ዮርክ ለዕጩ መኰንኖች የመርከብ አቅጣጫ ስሌት አስተማሩ፤ ቀጥሎም በዋሽንግተን በባሕር ኃይሉ የምርምር ላቦራቶሪ የፕሮጀክት ኃላፊ ሆኑ። በ1942 ትዳር መሥርተው አራት ልጆች አፍርተዋል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ወደ ማዲሰን ተመልሰው በ1948 ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1952 የታተመው የሜታማቲማቲክስ መግቢያ የተሰኘው መጽሐፋቸው ለብዙ ትውልድ የሥነ አመክንዮ ተማሪዎች ዋና መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የ1951 የዕረፍት ወራት

ይህ መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1951 የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ወራት፣ ክሌይኒ በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ ከተማ በሚገኘው በራንድ ኮርፖሬሽን የምርምር ተቋም ሠሩ። የተሰጣቸው ጉዳይ ከዘወትር ሥራቸው ራቅ ያለ ነበር። ዋረን ማክሎክና ዎልተር ፒትስ በ1943 ባሳተሙት ጽሑፍ የአንጎልን የነርቭ ሕዋሳት «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ በሚሉ ቀላል መሣሪያዎች መስለው፣ እነዚህ መሣሪያዎች በመረብ ሲያያዙ ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ጠይቀው ነበር። መልሳቸው በተለይ ዙሪያ ገጠም የሆኑ መረቦችን በሚመለከተው ክፍል ግልጽ ስላልነበረ ክሌይኒ የራሳቸውን መንገድ ያዙ።

መነሻቸው ይህ ነው። ማናቸውም የነርቭ መረብ የሕዋሳቱ ቁጥር የተወሰነ እስከ ሆነ ድረስ ሊገኝባቸው የሚችሉት ሁኔታዎችም የተወሰኑ ናቸው። ስለዚህ መረቡ ያለፈውን ሁሉ አያስታውስም፤ የሚያውቀው አሁን በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ውሱን አውቶማታ ይባላል። ታዲያ ወደ እሱ ተራ በተራ ከሚገቡ የምልክቶች ሰንሰለቶች መካከል የትኞቹን ከሌሎቹ ለይቶ ማወቅ ይችላል?

የክሌይኒ መልስ በአስደናቂ ሁኔታ አጭር ነው። መሣሪያው ሊለያቸው የሚችሉት ሰንሰለቶች ከነጠላ ምልክቶች ተነሥተው በሦስት ድርጊቶች ብቻ የሚገነቡት ናቸው። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ (ሀ|ለ) ማለት ወይ ሀ ወይ ለ ማለት ነው። ሁለተኛው ማስከተል ነው፤ ሀለ ማለት ሀ ቀድሞ ለ ይከተላል ማለት ነው። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው፤ በኮከብ ምልክት የሚጻፈው ሀ* ምንም ሀ ከሌለበት ጀምሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ያለ ገደብ የሚቀጥለውን የሀ ሰንሰለት ያመለክታል። ለምሳሌ ለ(ሀ|መ)*ለ የሚለው አገላለጽ በለ ጀምረው በለ የሚያበቁና በመካከላቸው ሀ እና መ ብቻ፣ በማናቸውም ቅደም ተከተል፣ የሚገኙባቸውን ሰንሰለቶች ሁሉ ይገልጻል።

ክሌይኒ ያረጋገጡት ቲዎረም ሁለት ፊት አለው። በእነዚህ ሦስት ድርጊቶች የተጻፈ ማናቸውም አገላለጽ የሚለየው ውሱን አውቶማታ አለው፤ በአንጻሩ ማናቸውም ውሱን አውቶማታ የሚለያቸው ሰንሰለቶች በእነዚህ ሦስት ድርጊቶች ሊጻፉ ይችላሉ። ለእነዚህ ሰንሰለቶች ሥርዓታዊ የሚል ቅጽል ሲሰጡ፣ ከዚህ የተሻለ ስም የሚያቀርብ ቢገኝ በደስታ እንደሚቀበሉ በጽሑፋቸው አሳስበው ነበር፤ የጸናው ግን ይኸው ስም ሆነ። ኮከቡም በመጀመሪያ በሁለት አገላለጾች መካከል የሚገባ ምልክት ነበር፤ ተከታዮቻቸው አቅልለውት ዛሬ የክሌይኒ ኮከብ እየተባለ የሚጠራውን መልክ ያዘ። ጽሑፉ በ1951 መጨረሻ በራንድ የውስጥ ሪፖርትነት ተዘጋጅቶ፣ በ1956 ክሎድ ሻነንና ጆን ማካርቲ ባሰናዱት የአውቶማታ ጥናቶች መድበል ታተመ።

ከወረቀት ወደ ማሽን

ቲዎረሙ ለጽሑፍ ፍለጋ እስኪውል ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በ1968 በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኬን ቶምሰን ሥርዓታዊ አገላለጽን ተቀብሎ ለአይ.ቢ.ኤም. 7094 ኮምፒውተር ወደሚሆን የማሽን ትእዛዝ የሚቀይር ስልተ ቀመር አሳተሙ። ይህ ስልተ ቀመር የክሌይኒን ማረጋገጫ ወደ ሥራ የሚለውጥ ነው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን መልክ በምልክት ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ከምልክቱ ውሱን አውቶማታ ይሠራል፤ አውቶማታው ጽሑፉን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ሲያነብ፣ ሊገኝባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች ሁሉ በአንድነት እየተከታተለ የተፈለገውን ያገኛል። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያነብበት ምክንያት የለም።

ቶምሰን ሥርዓታዊ አገላለጽን በጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራሞች ውስጥ አስገቡት፤ ከእነዚህም አንዱ የዩኒክስ ሥርዓት ማረሚያ ነበር። በማረሚያው የመተኪያ ትእዛዝ ተጠቃሚው ሁለት ነገር ይሰጣል፤ የሚፈለገውን መልክና በምትኩ የሚገባውን ጽሑፍ። ፕሮግራሙ መልኩ የተገኘበትን ክፍል ቆርጦ አዲሱን ይተክላል። በ1973 ደግሞ የፍለጋው ክፍል ብቻ ራሱን ችሎ ግሬፕ የተባለ ፕሮግራም ሆነ፤ ስሙም የተገኘው ያንኑ ሥራ በማረሚያው ውስጥ ከሚያሠራው የትእዛዝ አጻጻፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥርዓታዊ አገላለጽ ከፕሮግራም ቋንቋዎችና ከጽሑፍ ማረሚያዎች ጋር እየተዛመተ ሄደ።

ዘዴው በግዕዝ ፊደል

የክሌይኒ ቲዎረም ስለ ላቲን ፊደል የሚናገረው ነገር የለም፤ ምልክቶቹ የተወሰኑ እስከ ሆኑ ድረስ ለማናቸውም ጽሕፈት ይሠራል። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ መለያ ኮድ ካገኘ ወዲህ በአማርኛ ጽሑፍ ላይም ይሠራል። ለምሳሌ ፀሐይ የሚለው ቃል በዘመናዊ ጽሑፍ በልዩ ልዩ ሞክሼ ሆሄያት ተጽፎ ይገኛል። (ፀ|ጸ)(ሀ|ሐ|ኀ)ይ የሚለው አንድ አገላለጽ ስድስቱን አጻጻፎች በአንድ ፍለጋ ያወጣል።

የፊደሉ ጠባይ የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በግዕዝ ፊደል ተነባቢና አናባቢ በአንድ ሆሄ፣ በኮምፒውተርም በአንድ ኮድ ይቀመጣሉ። ስለዚህ «ቤት» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ሰው «ቤቶች» የሚለውን አያገኝም፤ ለማሽኑ ት እና ቶ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምልክቶች ናቸው። ሁለቱንም ለማግኘት ቤ(ት|ቶች) ብሎ መጻፍ ያሻል። ይህም ማሽኑ ቋንቋውን ሳይሆን የምልክቶችን ቅደም ተከተል ብቻ እንደሚያይ ያስታውሳል።

ችግሩ በመተካት ጊዜ ይጎላል። አጻጻፍን አንድ ወጥ ለማድረግ ሲባል ሠን ሁሉ በሰ የሚተካ ትእዛዝ ቢሰጥ ሥራው በቅጽበት ያልቃል፤ ነገር ግን ፀሐይ ወጣች ለማለት የተጻፈው «ሠረቀ» የሰው ገንዘብ ከወሰደው «ሰረቀ» ጋር ይቀላቀላል። ሥዕል የሚሥለው «ሠዓሊ»ም ልመና ከሚያቀርበው «ሰኣሊ» የሚለይበትን አንዱን ምልክት ያጣል። ዋናው ቅጂ ካልተቀመጠ ከተተካው ጽሑፍ ተነሥቶ የጠፋውን ልዩነት መመለስ አይቻልም። የክሌይኒ መሣሪያ መልክን ይለያል፤ ትርጉምን መጠበቅ የአራሚው ድርሻ ነው።

ድንበሩ

ቲዎረሙ መሣሪያው የሚችለውን ሲናገር የማይችለውንም አብሮ ይናገራል። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የተከፈቱ ቅንፎች ሁሉ በትክክል መዘጋታቸውን ማረጋገጥ ለምሳሌ ይሆናል። 100 ሁኔታዎች ያሉት አውቶማታ 100 ክፍት ቅንፎችን በተከታታይ ካነበበ፣ ቢያንስ አንዱን ሁኔታ ሁለት ጊዜ ጎብኝቷል ማለት ነው። በሁለቱ ጉብኝቶች መካከል ስንት ቅንፍ እንዳለፈ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ቆጠራው ይጠፋበታል። ሁኔታዎቹ ሺሕ ወይም ሚሊዮን ቢሆኑም የሚዘገየው ውድቀቱ እንጂ የሚቀር አይደለም። እርስ በርስ የተደራረበ ነገርን ያለ ገደብ መከታተል ሌላ ዓይነት የማስታወስ ዐቅም ይጠይቃል።

በኋላ የመጡ ፕሮግራሞች ይህን ድንበር ለመሻገር ሞክረዋል። ቀደም ሲል የተገኘውን ቃል አስታውሶ ያው ቃል እንደ ገና መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምልክት ጨመሩ። ለአራሚዎች እጅግ ጠቃሚ ቢሆንም ይህ ምልክት ከክሌይኒ ሦስት ድርጊቶች ውጭ ነው። እንዲህ ያሉትን ጭማሪዎች ለማስተናገድ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የቶምሰንን መንገድ ትተው፣ አንዱን አማራጭ ሞክሮ ሲከሽፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን የሚሞክር ዘዴ መረጡ። የዚህ ዘዴ ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ከባድ ነው። (ሀ*)*ለ የሚለው አገላለጽ ለ ከሌለበት ረጅም የሀ ሰንሰለት ጋር ሲገጥም፣ ራሱን የማይጠብቅ ፕሮግራም አንድ ሀ በተጨመረ ቁጥር የሙከራው ብዛት እጥፍ ያህል ይሆንበታል፤ 30 ሀ ላይ ሲደርስ ሙከራው ከቢሊዮን ይዘላል። በ2019 አንድ ታላቅ የኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅት ባወጣው አንድ አዲስ ደንብ ውስጥ የነበረ እንዲህ ዓይነት አገላለጽ የኮምፒውተሮቹን ኃይል ሁሉ አሟጥጦ፣ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ድረ ገጾችን ለ27 ደቂቃ ያህል ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። በቶምሰን መንገድ የሚሠራ ፕሮግራም እንዲህ ላለው ፍንዳታ አይጋለጥም።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ክሌይኒ የ1951ዱን ሥራ ካበረከቱ በኋላ ወደ ቀድሞው የጥናት መስካቸው ተመለሱ። ከ1956 እስከ 1958 የሥነ አመክንዮ ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ በዩኒቨርሲቲያቸው የሥነ ጽሑፍና የሳይንስ ኮሌጅ ዲን ነበሩ። የዲንነታቸው ዘመን የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙ ተማሪዎች የማዲሰንን ግቢ ያናወጡበት ዘመን ነበር። በ1979 ጡረታ ወጡ። በ1983 የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር የስቲል ሽልማትን፣ በ1990 ደግሞ የአገሪቱን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀበሉ። ሁለቱም የተሰጧቸው ሊሰላ ስለሚችለውና ስለማይችለው ነገር ላደረጉት ጥናት ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በየቀኑ የሚገለገልበት የጥቂት ወራት ሥራቸው በሽልማቶቹ ምክንያትነት አልተጠቀሰም።

ጃንዋሪ 25 ቀን 1994 በ85 ዓመታቸው በማዲሰን ዐረፉ። የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት በስማቸው ተሰይሟል።

ማጠቃለያ

የክሌይኒ ሕይወት ከአንድ ጥያቄ ወደ ሌላው ሲሸጋገር የሚታየው ድንበርን የመፈለግ ጥረት ነው። በወጣትነታቸው ማንኛውም ስልተ ቀመር ሊያልፈው የማይችለውን መስመር አጠኑ፤ በ1951 ደግሞ ያንኑ ጥያቄ የማስታወስ ዐቅሙ እጅግ አነስተኛ ለሆነ መሣሪያ አቀረቡ። ይህን ሲያደርጉ ለነርቭ ጥናት ያሰቡት ቋንቋ ለጽሑፍ ሠራተኞች መሣሪያ ሆነ። መሣሪያው ፈጣንና የሚታመን የሆነው የሚያስታውሰው ጥቂት በመሆኑ ነው፤ የሚሳነውም በዚያው ምክንያት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በተለይ ለአማርኛ ጽሑፍ ማቀነባበሪያ ጥናት ጠቃሚ ነው። ሞክሼ ሆሄያትን ፈልጎ ማግኘት፣ ቀኖችንና ቁጥሮችን መለየት፣ የታወቁ የአጻጻፍ ስሕተቶችን ማረም ለክሌይኒ ሦስት ድርጊቶች የሚመች ሥራ ነው። የተደራረበ ዐረፍተ ነገርን መተንተንና ሠረቀን ከሰረቀ በትርጉም መለየት ግን ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። የትኛው ሥራ ከድንበሩ ወዲህ፣ የትኛው ከድንበሩ ወዲያ እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር የመተኪያውን ትእዛዝ ከመስጠት ሊቀድም ይገባል።